በደሴ፣ በሐይቅና በኮምቦልቻ ዙሪያ የአዕዋፍ ምልከታ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ስሙ የገነነው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ባስተማሩበት በእስጢፋኖስ ገዳም ቢሆንም፣ ወፍ ለማየት ለሚጓዝ ሰውም በወሎ ካሉት ቦታዎች ተመራጭ ነው። የአካባቢው ልዩ ጥቅም የከፍታው ልዩነት ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ከተቆረቆረችው ደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል፣ ጠዋት የደጋ፣ ከሰዓት የወይና ደጋ ወፎችን ሊያይ ይችላል።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ጥልቀቱ የወፎቹን አሰፋፈር ይወስናል። እግረ ረጃጅሞቹ ወፎች ቆመው የሚመገቡት በጥልቀት በሌለው ውኃ ብቻ በመሆኑ መሃሉን ለሚዋኙና ለሚጠልቁ ወፎች ትተው ደንገልና ቄጤማ በበቀለበት ጠባብ ዳርቻ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ጀልባ ተከራይቶ ወደ መሃል ከመቅዘፍ ይልቅ ዳር ዳሩን በእግር መሄድ የበለጠ ያሳያል። ችግሩ ይኸው ዳርቻ ከብት የሚጠጣበት፣ አትክልት የሚለማበትና መረብ የሚጣልበትም መሆኑ ነው፤ ደንገሉ በታጨደ ቁጥር የጎጆ መሥሪያው ቦታ ይጠባል።

በሩቅ ዳክዬ የሚመስለው፣ ሰውነቱ ጥቁር፣ መንቁሩና ግንባሩ ነጭ የሆነው ወፍ ዳክዬ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ «red-knobbed coot» የሚባለው የውኃ ወፍ ነው። በመራቢያው ወቅት ግንባሩ ላይ ሁለት ቀያይ እብጠቶች ጎልተው ይወጣሉ፤ ጎጆውንም ከውኃ ዕፅዋት ከምሮ እዚያው ውኃው ላይ ይሠራል። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ከዳርቻው ረጃጅም ዛፎች ላይ ሆኖ ይጣራል፤ ብዙ ጊዜ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። የገዳሙ ዛፎችም ጥሩ መጠለያ ናቸው፤ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ ግን ከውጭ ሆነው ይመለከታሉ።

በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች በቀር የማይገኙ ወፎችን ለማየት ከደሴ መውጣት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ርግብ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያርፋል፤ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት ቆልማማ መንቁር ወፍ ደግሞ በየማሳው ትል እየለቀመ ሲነሣ በኃይል ይጮኻል። ማጅራቱ ነጭ የሆነው ባለወፍራም መንቁር ቁራም በከተማው ቆሻሻ ላይ ሳይቀር ይታያል።

ከኮምቦልቻ በታች ያለው የቦርከና ረግረግና ወደ ከሚሴ የሚዘልቀው የጨፋ ሜዳ ብዙ ጎብኚ ሳያያቸው የሚያልፋቸው ናቸው፤ በእኔ ግምት ግን ከሐይቁ አያንሱም። ጨፋ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብት የሚሰማራበት በመሆኑ ነጫጭ ሳቢሳዎች ከብቱን ተከትለው ከኮቴው ሥር የሚነሣውን ፌንጣ ይለቅማሉ። የአውሮፓንና የእስያን ክረምት ሸሽተው የሚመጡት ቢጫ ሆድ ጅራተ ወዝዋዦችም እዚያው ይቀላቀላሉ።

እንግዶቹ ወፎች የሚቆዩት በአብዛኛው ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው፤ በቀኑ ውስጥ የሚመረጠው ሰዓት ደግሞ ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የያዘ ሰው ፀሐይዋን ከጀርባው ቢያደርግ የላባውን ቀለም በትክክል ይለያል፤ በሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ጠዋት ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ስለምትመጣ እዚያ ከሰዓት በኋላ መሄዱ ይሻላል።