«ማስተር» ለሸክላና ለሲዲ ለምን ይለያያል?

ጎንደር ውስጥ ሙዚቃ የሚቀርጹ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «የሲዲው ማስተር በእጃችን ነው፤ ለሸክላ ሌላ ለምን እንከፍላለን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ማስተር ማለት ለማባዛት የሚዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ ነው፤ የሚያሳስተውም ቃሉ ራሱ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቅጂ ያለ ያስመስላል።

ሲዲ ድምፁን በቁጥር ነው የሚይዘው፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ማለትም የድምፁ ልኬት። የሰጡትን ይመልሳል። ሸክላ ግን ቦይ ነው፤ መርፌው በቦዩ ውስጥ እየተወዛወዘ መሄድ አለበት። የከበሮው ወፍራም ድምፅ ቦዩን ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ድምፁ በጮኸ ቁጥር በአንድ ገጽ የሚገባው ደቂቃ ያንሳል። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ባለ 12 ኢንች ሸክላ በገጽ 20 ደቂቃ አካባቢ ቢይዝ ይመረጣል። ሲዲ 74 ደቂቃ ይችላል። ከበሮው በአንድ ጎን ብቻ ከተቀመጠ ደግሞ መርፌው ሊዘል ይችላል፤ ወፍራሙን ድምፅ መሃል ላይ አድርጉት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዘፋኙ አፍ ነው። «ጽጌ» ሲል «ጽ»ዋ ብታፏጭ ሲዲው ላይ ታልፋለች፤ ሸክላው ላይ ግን ትሻክራለች። በተለይ ወደ መሃል ሲጠጋ፤ እዚያ ክቡ ስለሚጠብ ለአንድ ሰከንድ ድምፅ የሚደርሰው የቦይ ርዝመት ያጥራል። ስለዚህ ሞቅ ያለውን እስክስታ ከገጹ መጀመሪያ፣ ለስላሳውን የማሲንቆ ትዝታ ከመጨረሻው አድርጉ። ለሸክላው የምትልኩትም ለሲዲ ጮክ እንዲል የተጨመቀው (ለስላሳውና የጮኸው ድምፅ የተቀራረበበት) ሳይሆን ያልተጨመቀው ሚክስ፣ ማለትም ድምፆቹ የተቀላቀሉበት ቅጂ ይሁን።