«ከረሜላው ነው ያሳበደው»፦ ስለ ምግብ ቀለምና ስለ ልጆች ባህርይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የእህቴ ልጅ በቅርቡ አምስት ዓመት ሞላው። ልደቱን ያከበርነው ኮንዶሚኒየሙ ኮሙናል ውስጥ ነው። ሰማያዊ ክሬም የተቀባ ኬክ፣ ብርቱካናማ ለስላሳ፣ በሳህን የተከመረ ከረሜላ፣ ሃያ የሚሆኑ ልጆች፣ ጆሮ የሚያደነቁር ሙዚቃ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባለልደቱ ጠረጴዛ ስር ገብቶ «አልወጣም» እያለ ያለቅሳል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ምላሱ ሰማያዊ ሆኗል። ጣቶቹ ላይ የቺፕስ ዱቄት ተለጥፏል።

እናቴ «ስኳሩ ነው» አለች። ጎረቤታችን «ስኳሩ አይደለም፣ ቀለሙ ነው፤ አሜሪካ እንኳ አግዶታል» አለች። የልጁ አባት ደግሞ «ተዉት እባካችሁ፣ ደክሞት ነው» አለ። ሦስቱም እርግጠኛ ነበሩ። እኔም ልጆች አሳድጋለሁና ነገሩን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ስኳር ልጅ ያሳብዳል»

በየቤቱ የሚባለው ይሄ ነው። በደንብ የተመረመረውም ይሄው ነው። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች 23 ሙከራዎችን ሰብስበው አንድ ላይ መዘኑ። በእነዚህ ሙከራዎች ልጁም ወላጁም የትኛው ስኳር፣ የትኛው ማስመሰያ እንደሆነ አያውቁም። ስኳር የልጆችን ባህርይም ሆነ የማሰብ ብቃት ሲለውጥ አልተገኘም።

«ታዲያ በዓይኔ ያየሁትስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መልሱን ያገኘሁት በ1994 ከወጣ ሌላ ጥናት ነው። «ልጄ ስኳር አይስማማውም» የሚሉ እናቶች ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ግማሾቹ እናቶች «ልጅሽ ብዙ ስኳር ወስዷል» ተባሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ስኳር የቀመሰ አንድም ልጅ አልነበረም። ሁሉም የወሰዱት ስኳር የሌለበት ማጣፈጫ ነው። ሆኖም «ወስዷል» የተባሉት እናቶች ልጆቻቸው ይበልጥ እንደተቅበጠበጡ ተናገሩ። ሲጫወቱ የተመለከቷቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር አዩ። እነዚሁ እናቶች ልጃቸውን ከሥር ከሥር ይከተሉት፣ ይተቹት ነበር።

ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ስንቴ ነው ልጄ ገና ከረሜላውን ሳይጨርስ «በል ተቀመጥ!» ያልኩት?

ስኳር ጥርስን ያበላሻል፤ ያ አልተቀየረም። ለቅብጥብጥነቱ ግን ሌላ ምክንያት እንፈልግ።

«እንግዲያው የቀለሙም ነገር የእናቶች ግምት ነው»

ይሄኛው ግን ግምት ብቻ አይደለም። ነገሩን በ1970ዎቹ ያስነሳው ቤንጃሚን ፋይንጎልድ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የአለርጂ ሐኪም ነው። ቀለምና ሌሎች ተጨማሪ ነገሮች ከምግባቸው ሲወጡ ብዙ ቅብጥብጥ ልጆች ይረጋጋሉ ብሎ ተናገረ። በኋላ በጥንቃቄ ሲሞከር ግን ውጤቱ እሱ ካለው በጣም ያነሰ ሆነ። ስለዚህ ብዙ ሐኪም ነገሩን ትቶት ከረመ።

በ2007 የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት ጉዳዩን እንደገና ከፈተው። ወጪውን የሸፈነው የአገሪቱ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ነው። 153 የሦስት ዓመት ልጆችና 144 የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ተሳተፉ። መጀመሪያ ቀለምና ሶዲየም ቤንዞኤት የሚባለው ማቆያ (ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር) ከምግባቸው ወጣ። ከዚያ በየቀኑ ጁስ ይሰጣቸው ጀመር። አንዳንዱ ሳምንት ቀለምና ማቆያ አለበት፣ አንዳንዱ ሳምንት የለበትም። ሲያዩትም ሲቀምሱትም አይለይም። ለሦስት ዓመቶቹ የተሰጠው የቀለም መጠን በቀን ሁለት ትንንሽ የከረሜላ ከረጢት ውስጥ ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። የልደት ቀን ሲሆን ያን ያህል የማይበላ ልጅ አላውቅም።

ልጆቹ ቀለም ያለበትን ሲጠጡ በአማካይ ትንሽ ይበልጥ እረፍት የለሽ ሆነው ተገኙ። «ትንሽ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። አንዳንዱ ልጅ በግልጽ ተለወጠ፣ ሌላው ምንም አልሆነም። ሁለት ዓይነት ቅልቅል ነበር የተሞከረው፤ የሁለቱም ውጤት በሁሉም ዕድሜ እኩል አልወጣም። ቀለሙና ማቆያው አብረው ስለተሰጡ ደግሞ የትኛው እንደሠራ መለየት አይቻልም። እንዲያም ሆኖ እናቶቹ ዝም ብለው እንዳላወሩ ታየ። በ2021 የካሊፎርኒያ ግዛት የጤና ባለሙያዎች 25 ተመሳሳይ ሙከራዎችን ሲገመግሙ፣ 16ቱ ላይ በቀለምና በባህርይ መካከል ግንኙነት አግኝተዋል።

በሳውዝሃምፕተን የተሞከሩት ስድስቱ ቀለሞች ከነመለያ ቁጥራቸው እነዚህ ናቸው፦ ታርትራዚን (102)፣ ኪኖሊን የሎ (104)፣ ሰንሴት የሎ (110)፣ ካርሞይሲን (122)፣ ፖንሶ ፎር አር (124) እና አሉራ ሬድ (129)። ሶዲየም ቤንዞኤት 211 ነው። ከውጭ የሚገባ ብስኩት ወይም በውሃ የሚበጠበጥ የጁስ ዱቄት ስትገዙ ከጀርባው ቁጥሮቹን ፈልጉ። የአሜሪካ ዕቃ ላይ በቁጥር ፋንታ ስም ይጻፋል፦ የሎ 5 ማለት 102፣ የሎ 6 ማለት 110፣ ሬድ 40 ማለት 129 ነው።

«የሚጎዳው ኤዲኤችዲ ያለበትን ልጅ ብቻ ነው» ወይም «ኤዲኤችዲን የሚያመጣው ቀለም ነው»

ኤዲኤችዲ ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር ነው። ሁለቱም አባባሎች ልክ አይደሉም። የሳውዝሃምፕተኖቹ ልጆች ከመደበኛው ኅብረተሰብ የተውጣጡ ናቸው፤ በሕመም ተለይተው የመጡ አይደሉም። በሌላ በኩል፣ ኤዲኤችዲ ካለባቸው ልጆች መካከል ምልክታቸው ከምግብ ቀለም ጋር ሊያያዝ የሚችለው 8 በመቶ ገደማ እንደሆነ በ2012 የወጣ ግምገማ ገምቷል። ከመቶ ስምንት ማለት ለስምንቱ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ለቀሩት 92ቱ ግን ከረሜላ መከልከል መፍትሔ አይሆንም።

ኤዲኤችዲ በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ነው። ኦቲዝምንም ቀለም አያመጣውም። ይህን አጥብቄ የምለው ለእናቶች ብዬ ነው። «ምን አብልተሽው ነው?» የምትል ጥያቄ በቤተ ዘመድ መሃል በቀላሉ ትወረወራለች፤ እናትየው ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላስላት ታድራለች። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘም ቀለም በመተው ብቻ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

«አውሮፓም አሜሪካም አግዶታል»

ጎረቤታችንን አልፈርድባትም፤ ወሬው ራሱ የተደበላለቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ስድስቱን ቀለሞች አላገደም። ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ግን እነዚህ ያሉበት ምግብ ላይ «በልጆች እንቅስቃሴና ትኩረት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አስገድዷል። ፋብሪካዎች ደግሞ ያንን ጽሑፍ ስላልፈለጉት ብዙዎቹ ቀለሙን ቀየሩ። ለብዙ ዓመታት ለንደን የሚሸጠው ብርቱካናማ ፋንታ ቀለሙን ከካሮቲን ሲያገኝ፣ ዋሽንግተን የሚሸጠው ሬድ 40 እና የሎ 6 ነበረበት። በሁለቱ ከተሞች የሚኖሩ እህትማማቾች ልጆቻቸውን «ፋንታ ጠጡ» ሲሏቸው የሚያጠጧቸው አንድ ዓይነት አልነበረም።

አሜሪካ ውስጥ በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ አማካሪዎች ማስጠንቀቂያ ይጻፍ አይጻፍ ብለው ድምፅ ሰጡ። 8 ለ 6 «አይጻፍ» አሉ። በጥር 2025 የታገደው ሬድ 3 የሚባል፣ ከስድስቱ ውጭ የሆነ ቀለም ነው፤ ምክንያቱም የልጆች ባህርይ ሳይሆን በአይጦች ላይ የታየ ዕጢ ነው። ካሊፎርኒያ ግን በ2024 ስድስት ቀለሞች (ዝርዝራቸው ከላይኛው ጋር አንድ አይደለም) ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምግብ እንዲወጡ ሕግ አውጥታለች፤ ሥራ ላይ የሚውለው በ2027 መጨረሻ ነው። ይሄኛው በቀጥታ ከባህርይ ጋር የተያያዘ ነው።

«የተፈጥሮ ከሆነ አይጎዳም»

ካርሚን (120) የሚባለው ቀይ ቀለም የተፈጥሮ ነው። የሚሠራው ኮቺኒል ከምትባል፣ ቁልቋል ላይ ከምትኖር ነፍሳት ነው። ለቀለም ምርት ተብላ ትግራይ ከገባች በኋላ በለሱን የፈጀችው ያቺው ናት። በጥቂት ሰዎች ላይ ከባድ አለርጂ ልታስነሳ ትችላለች። ከነፍሳት የተገኘ ስለሆነም የሚጾም ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን እዚህ ክርክር ውስጥ ስሙ የማይነሳው ሊድ ክሮሜት ነው። ቢጫ የቀለም ዱቄት ነው፤ ለምግብ አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ ደመቅ እንዲል ሲቀላቅሉት ተገኝቷል። በ2023 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት በሚሸጥ ቀረፋ ባለው የፖም ፍጭ ውስጥ ተገኘ። ውስጡ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት የልጅን አእምሮ ለዘለቄታው ይጎዳል። የምግብ ቀለም ቢያስቸግር እንኳ ሲተዉት የሚሻል ነገር ነው። እርሳስ ግን ቢተዉትም ያደረሰው ጉዳት አይመለስም። እኔ እርዱን ሥሩን ገዝቼ ራሴ አስፈጫለሁ።

«ቁጥር ያለበት ሁሉ መርዝ ነው»

300 ቫይታሚን ሲ ነው። 330 ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። 162 የቀይ ሥር ቀለም ነው። ቁጥሩ መለያ ብቻ ነው።

«በአለርጂ ምርመራ ይታወቃል»

ታርትራዚን በጥቂት ሰዎች ላይ ሽፍታ ያወጣል። የባህርዩ ለውጥ ግን እንደ ተለመደው አለርጂ አይደለም፤ በቆዳ ምርመራ አይገኝም። ያለው መንገድ ልጁን መከታተል ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀለም ያለበትን ነገር ከቤት አውጡ። በየቀኑ ማታ የበላውን፣ የተኛበትን ሰዓትና ባህርዩን በደብተር ጻፉ። ከዚያ መልሳችሁ ስጡት። የሚቻል ከሆነ ባህርዩን የሚመዘግበው ሰው የትኛው ቀን እንደተሰጠው አይወቅ፤ የእነዚያን እናቶች ነገር አስታውሱ። የልጆች ሽሮፕም ቀለም ሊኖረው ይችላል። ሐኪም ያዘዘውን አትተዉ፤ ፋርማሲስቱን ቀለም የሌለበት እንዳለ ጠይቁት።

እህቴ ይህንኑ አደረገች። ደብተሩን የያዘው ባሏ ነው፤ ጁሱን የምትቀዳው እሷ። በወሩ መጨረሻ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አየነው። ቀለም ባለበትና በሌለበት ቀን መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አጣን። አምስት ክፉ ምሽቶች ግን ተመዝግበዋል። በአምስቱም ቀን ልጁ ከሰዓት አልተኛም ነበር። ልደቱም እንዲሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊኛ ሲነፋ ነው የዋለው።