በሰሜን ሸዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ቡድን መሪዎች፦ አመጣጣቸው፣ ሥራቸውና የሙያ ጉዟቸው

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ እስከ ዓለም ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ በየዓመቱ የሚፈለግ አንድ ሰው አለ። የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲከበር፣ የወላጆች በዓል ሲደርስ፣ ከዞን እንግዳ ሲመጣ ተማሪዎቹን አዘጋጅቶ መድረክ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። በደመወዝ መክፈያው ላይ የአማርኛ፣ የስፖርት ወይም የሒሳብ መምህር ተብሎ ተጽፏል። በክበባት ዝርዝር ላይ ደግሞ «የኪነ ጥበብ ክበብ ተጠሪ» ወይም «የሚኒ ሚዲያ ተጠሪ» ይባላል። ተማሪዎቹ «ቲቸር» ብለው ይጠሩታል። የባንድ መሪ የሚባል መደብ የለም፤ ሥራው ግን አለ፣ ሠሪውም አለ።

መደብ የታጣው ሙዚቃ በሁለተኛ ደረጃ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ስላልሆነ ነው። በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ቀድሞ በሥነ ውበት ሥር፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ከሌሎች የክወናና የእይታ ጥበባት ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲገባ ሙዚቃ ወደ ተጓዳኝ ክበብ ይዛወራል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የባንድ መሪ ለመሆን በሙዚቃ ማስተማር የመጀመሪያ ዲግሪ ይያዛል፤ በትምህርቱ ወቅት የትንፋሹንም፣ የምቱንም መሣሪያ በየተራ ቢያንስ ለጀማሪ ማሳየት እስኪቻል ድረስ መለማመድ ግዴታ ነው፤ ከዚያ የተግባር ልምምድና የግዛቱ የማስተማር ፈቃድ ይከተላሉ። መሪው በመጸው ለእግር ኳሳቸው ጨዋታ የማርሽ ባንድ ያሰልፋል፣ በጸደይ የአዳራሽ ኮንሰርት ያቀርባል፤ ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው። የእኛ ክበብ ተጠሪ ያንን ሁሉ የሚሠራው ሳምንታዊ የክፍል ድርሻውን ጨርሶ በተረፈው ሰዓት ነው። ስለ ሥራው ሲታሰብ ይህ ልዩነት ሊረሳ አይገባም።

ከየት ይመጣሉ?

ትልቁ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋ ካሉት መምህራን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከዜማ ቤት ደጃፍ ደርሰዋል፤ ጥቂቶቹ ጾመ ድጓ እስከሚባለው የዜማ መጽሐፍ ድረስ ዘልቀዋል፤ ሌሎቹ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መትተዋል። ከዜማ ቤት የወጣ ሰው አንድ ጊዜ የሰማውን ዜማ አይለቅም፤ የዜማውን ስልቶች፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን፣ የለየ ጆሮ የትዝታን ቅኝት ከባቲ ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የሚባሉትን ምልክቶች ከቃሉ በላይ ተጽፈው ስላያቸው፣ ድምፅ በወረቀት ላይ ሊመዘገብ እንደሚችልም አስቀድሞ ያውቃል። የሚከብደው ምቱ ነው። የቃል ዜማ እንደ ትንፋሹ ይሳባል፣ ይዘገያል፤ የኪቦርድ ሪትም ግን ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ከዚህ ወገን የመጣ አሠልጣኝ መጀመሪያ ተማሪዎቹን በጭብጨባ ብቻ፣ ያለ ኪቦርድ፣ ችክችካ የሚባለውን ምት ቢያለማምድ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ምንጭ የኪነት ቡድን ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየወረዳውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። በዚያ ያደጉት ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሊወጡ ነው፤ ነገር ግን ቡድን የማደራጀት ልማዳቸው፣ ማለትም መዝሙር፣ ጭውውት፣ ግጥምና ውዝዋዜ በአንድ ፕሮግራም መደርደር፣ በትምህርት ቤቶች አሁንም ይሠራበታል። ሦስተኛው የመምህራን ኮሌጅ ነው፤ የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአካባቢው ቅርቡ ነው። በሥነ ውበት የሠለጠነ መምህር ኖታ ያነብባል፣ የትምህርት ዕቅድ ያወጣል፤ በአንድ መሣሪያ ጠልቆ የሄደ ግን ጥቂት ነው። አራተኛው ወገን በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኳየር ውስጥ ኪቦርድ የለመደና ከስልክ ቪዲዮ እያየ ራሱን ያስተማረ ወጣት ነው። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያውቃል፤ ቅኝት ላይ ግን ይሳሳታል፤ አምባሰልን በሦስት ድምፅ ኮርድ ሞልቶ ጣዕሙን ያጠፋዋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቆ ወደ ሰሜን ሸዋ ሁለተኛ ደረጃ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚቀጠርበት መደብ የለም። ተመራቂው አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት ወይም በባንድ ይቀራል።

ባንድ ራሱ በአገራችን ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያዎች መጡ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የቤተ መንግሥቱን ባንድ መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። በዘመኑ የማርሽ ባንድ የሚያውቅ ሰው ማለት ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ያለፈ ሰው ነበር። በሰሜን ሸዋ ግን ከነሐሱ መሣሪያ ይልቅ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ይበልጣል፤ ኪቦርድ የተጨመረው በኋላ ነው።

የዕለት ሥራው

ከሁሉ በፊት የሚመጣው መቃኘት ነው። ክራሩም፣ ማሲንቆውም፣ ኪቦርዱም ባለበት ቡድን የትኛው ለየትኛው ይገዛ? መልሱ ዋሽንት ነው። አብዛኛው ዋሽንት 4 ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው፤ ተቆርጦ ተበስቷል፣ ከዚያ ወዲህ ከፍ ዝቅ አይልም። ክራሩን በመቃኛው፣ ማሲንቆውን በጅራቱ ጭራ ውጥረት፣ ኪቦርዱን ድምፁን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው በትራንስፖዝ ቁልፍ ወደ ዋሽንቱ ማምጣት ይቻላል። ይህን ያላወቀ አሠልጣኝ ሁሉንም ለኪቦርዱ ካስተካከለ በኋላ ዋሽንት ነፊውን «ተበላሽቶብሃል» ይለዋል። ልጁ አልተበላሸበትም፤ የያዘው ዋሽንት የሌላ ድምፅ ነው። ዋሽንት ነፊዎች ብዙ ዋሽንት የሚይዙትም ለዚሁ ነው።

ባለ 6 ክር ክራር በትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይቃኛል፤ ስድስተኛው ክር የላይኛው ዶ ነው። ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ማላላት ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወደ አምባሰል ሲሄዱ ሬ በግማሽ ይላላል፤ ሦስተኛው ክር በሙሉ ድምፅ ተወጥሮ ፋ ይሆናል። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሶል በግማሽ ይላላል፣ አምስተኛው ክር በግማሽ ይወጠራል። ከትዝታ ወደ ባቲ መሻገር ግን ይከብዳል፤ ሦስት ክሮች ወደ ላይ ይወጠራሉ፣ ከእነሱም ሁለቱ በሙሉ ድምፅ። ክር የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው፣ ያውም መድረክ ላይ። መፍትሔው ፕሮግራሙን በቅኝት ቅደም ተከተል መደርደር፣ ባቲውን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ፣ ከተገኘም ሁለተኛ ክራር በባቲ ቃኝቶ ማቆየት ነው። የዘፈኖችን ቅደም ተከተል ለፕሮግራም መሪው መተው ትልቅ ስሕተት ነው።

አየር ጠባዩም ከሥራው ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ውርጭ ይጥላል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ በዚያው ቀን ሙቀት ነው። የትንፋሽ መሣሪያ ውስጡ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል፤ ኪቦርዱ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ደጋ ላይ ዋሽንት ነፊ ልጅ ከመድረክ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ዋሽንቱን በጋቢው ሥር ይዞ ሊያሞቅ፣ ሊነፋበትም ይገባል። በክረምት እርጥበት የማሲንቆና የክራር ቆዳ ይረግባል፤ ድልድዩ ይሰምጣል፣ ድምፁ ይደበዝዛል። ፀሐይ ላይ ማውጣት ይረዳል፤ እሳት አጠገብ ማስጠጋት ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። የማሲንቆ ጭራ ካንሸራተተ ዕጣን ይቀባል። አዲስ ጭራ ዕጣን ሳይቀባ ድምፅ አይሰጥም፤ ጀማሪ ተማሪ ማሲንቆው የሞተ ይመስለዋል።

ትራምፔት ወይም ሳክስፎን የተገኘበት ትምህርት ቤት ሌላ ጣጣ አለው። ኪቦርዱ ዶ ሲል ትራምፔቱ ሬ፣ አልቶ ሳክስፎኑ ላ መጫወት አለባቸው። ይህን ለተማሪ በወረቀት ጽፎ የሚሰጥ አሠልጣኝ በሁለት ሳምንት ያስማማቸዋል፤ በጆሮ ብቻ ፈልጉት የሚል ዓመቱን ሙሉ ይለፋል።

ከመሣሪያው ይልቅ ግን የልምምድ ሰዓት ያስቸግራል። ትምህርት በፈረቃ ሲሰጥ የጧትና የከሰዓት ተማሪ አይገናኝም። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹም በእግር። ስለዚህ ቅዳሜ ልምምድ ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ መምህር የከተማ ልጆችን ብቻ ያገኛል፤ ፉከራውንና ቀረርቶውን ከአባቱ የሰማው የመንዝ ልጅ ግን ስንቅ ሊያመጣ መንገድ ላይ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ በፈረቃ መለዋወጫ ላይ 40 ደቂቃ ከቅዳሜ ሙሉ ቀን ይሻላል።

የዓመቱ መልክም እንዲሁ የታወቀ ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ይመጣል፤ ትምህርት ተከፍቶ ገና ሳምንታት ስለሆኑ 9ኛ ክፍል ገቢዎችን አዘጋጅቶ ማድረስ አይቻልም፣ በነባሮቹ መሥራት ግድ ነው። ኅዳር 22 የኤድስ ቀን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ይከተላሉ፤ ጊዜው የአጨዳ ስለሆነ የገበሬ ልጅ ይቀራል። ለየካቲት 23 የአድዋ በዓል ሽለላና ፉከራ ይፈለጋል። ሁዳዴ ሲገባ ውዝዋዜና ዘፈን ይቆማል፤ ብልህ መሪ 55ቱን ቀን ኖታ ለማስተማር፣ መሣሪያ ለመጠገንና ግጥም ለማስጠናት ይጠቀምበታል። ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ 12ኛ ክፍሎች ለፈተና ስለሚሸሹ፣ ዋና ድምፃዊን ከ12ኛ ክፍል ብቻ የመረጠ ቡድን ለሰኔ የወላጆች በዓል ባዶ እጁን ይቀራል።

ወላጅን ማሳመንም የመሪው ሥራ ነው። «ልጄን አዝማሪ ልታደርግብኝ ነው?» የሚል አባት በየዓመቱ ትምህርት ቤት ይመጣል። ሴት ልጅ ከሆነች ጥያቄው ይጠነክራል፤ ሲመሽ መንገድ ያስፈራል። ልምምድን ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት መጨረስ፣ አንዲት ሴት መምህርት ከክበቡ ጋር ማድረግ፣ የልጅቱን ውጤት ለወላጅ ማሳየት ከብዙ ንግግር ይሻላል። ሴት የክበብ ተጠሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ባሉበት ግን የሴት ተማሪዎች ቁጥር ሲጨምር ይታያል።

ንብረት፣ ደረጃና መውጫ

መሣሪያ የሚገዛው ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ወይም ከውስጥ ገቢ ነው፤ አንዳንዴ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ያዋጣል። የተገዛው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ለመምህሩ ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቡድን የሚሞተው። የፈረመው መምህር ኪቦርዱ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት ስለሚፈራ ዕቃውን ግምጃ ቤት ይቆልፍበታል፤ ተማሪው መሣሪያውን የሚነካው በበዓል ዋዜማ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ከሞዴሉ ሥር የተማሪ መረከቢያ ደብተር መክፈት ነው፦ የመሣሪያው ዓይነት፣ ያለበት ሁኔታ፣ ቀን፣ የተረካቢው ስምና ፊርማ፣ የመለሰበት ሰዓት። በአንድ ተማሪ ሳይሆን በሁለት ተማሪ ስም ማስፈረም ጥፋትን ይቀንሳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ላይ ዝርፊያና ውድመት ደርሷል፤ እንዲህ ካለው ጥፋት በኋላ መተኪያ ለመጠየቅ ምን እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ የያዘ ይቀድማል።

የመምህርነት ደረጃ ከጀማሪ ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህርና በተባባሪ መሪ መምህር አልፎ እስከ መሪና ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል። የክበብ ሥራ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ በተጓዳኝ ትምህርት ተሳትፎ ስም ጥቂት ነጥብ ያስገኛል፤ ለብቻው ግን ማንንም ደረጃ አያሳድግም። ስለዚህ መንገዱ ይለያያል። አንዱ በቅንጅት ችሎታው ተመርጦ ምክትል ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ክበቡ ያለ ሰው ይቀራል። ሌላው ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት ይዛወራል፤ ይህ ለባህል ጨዋታ አሰባሳቢዎች ጥሩ ቦታ ነው። ኪቦርድ የሚችል በጥርና ከትንሣኤ በኋላ ሰርግ ይጫወታል፤ ከሰርጉ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ቡድኑን የሚያቆይ ገንዘብ ነው፣ ክርና ገመድ ከዚያ ይገዛል። አዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ከደብረ ብርሃን ወደ ግል ትምህርት ቤት የሚሄደውም ብዙ ነው።

ዝውውር ሲመጣ መምህሩ ክሊራንስ ይጠይቃል፤ ግምጃ ቤቱ ክራሩን፣ ከበሮውንና ማይኩን ቆጥሮ ይረከባል። የማይቆጠረው ሌላው ነው፦ የትኛው ልጅ በየትኛው ድምፅ ይዘፍናል፣ የትኛው ዋሽንት ከየትኛው ዘፈን ጋር ይሄዳል፣ የማይኩ የትኛው ገመድ ውስጡ ተበጥሷል። ጥሩ መሪ ይህን በአንድ ደብተር ይጽፈዋል፤ እያንዳንዱን ዘፈን ከነቅኝቱ፣ ከነዶው መነሻ ድምፅ፣ ከነተጫዋቾቹ ስም ያስቀምጣል። አንድ የ10ኛና አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ምክትል አድርጎ መቃኘቱን ያስተምራቸዋል። እሱ ቡታጅራም ይሂድ ደሴ፣ በመስከረም አዲስ የተመደበው መምህር ሙዚቃ ባያውቅ እንኳ ደብተሩን ከፍቶ «ክራሩን የሚቃኝ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ እጁን የሚያወጣ ልጅ ያገኛል።