ዶሜይኑ በማን ስም ነው? ስለ አነስተኛ ንግድ ድረ ገጾች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ድረ ገጻቸው ምክር የሚጠይቁኝን የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ሁልጊዜ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ ነው። መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «ከፍዬ ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ በማን ስም ሊሆን ይችላል?» ይህን መልስ መስማት ከሰለቸኝ ቆይቷል። ንግድ የሚያካሂድ ሰው የኢንተርኔትን አሠራር ጠንቅቆ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ነገር ግን ድረ ገጽ ሠርተው የሚያስረክቡ ባለሙያዎች በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚያልቀውን ማብራሪያ ሳይሰጡ ሲሄዱ፣ የኪራይ ውላቸውን መስመር በመስመር የሚያነቡ ነጋዴዎችም ስለዚህ ጉዳይ አንድም ጥያቄ ሳያነሱ ሲረከቡ ማየት ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

«ከፍዬ ስላሠራሁት የእኔ ነው»

ክፍያ መፈጸም ብቻውን የዶሜይን ባለመብት አያደርግም። ድረ ገጽ ከውጭ ሲታይ አንድ ነገር ቢመስልም የሚቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው። ደንበኛው ብራውዘር ላይ የሚጽፈው አድራሻ ዶሜይን ነው፤ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ሰርቨር የሚገኘው በሆስቲንግ ድርጅት ዘንድ ነው፤ ጽሑፉ፣ ፎቶግራፉ፣ ዲዛይኑና ኮዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ነገር ነው። ሦስቱ በሦስት የተለያዩ አካውንቶች፣ በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ሊገኙ ይችላሉ። ሆስቲንጉ ካልተስማማዎት ወደ ሌላ ድርጅት ይዛወራሉ፤ ዲዛይኑ ቢጠፋ በወጪም ቢሆን እንደገና ይሠራል። ዶሜይን ግን ምትክ የለውም፤ አንዴ በሌላ ሰው ስም ከተመዘገበ ያንኑ አድራሻ መልሶ ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ የሚቻለው በያዡ በጎ ፈቃድ ወይም እርሱ በሚጠራው ዋጋ ነው።

በዚያ ላይ ዶሜይን አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀር ዕቃ አይደለም። በዶት ኮም የሚያልቁትና መሰሎቻቸው በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባሉ፤ ከዚያም መታደስ አለባቸው። ይህን ሥርዓት የሚያስተባብረው እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አይካን የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት ውሉ የሚታሰረው የዶሜይን ምዝገባ አገልግሎት በሚሰጠው መዝጋቢ ድርጅትና በተመዝጋቢው መካከል ነው። ተመዝጋቢ የሚባለው በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ወይም ድርጅት ነው። ለድረ ገጽ ሠሪው የከፈሉበት ደረሰኝ በእርስዎና በእርሱ መካከል ላለው ጉዳይ ማስረጃ ይሆናል፤ መዝጋቢው ድርጅት ግን የሚያውቀው መዝገቡን ነው።

የማውቃቸው አንዲት የቤት ዕቃ አምራች አንድ ቀን ጠዋት ድረ ገጻቸው አልከፈት አላቸው። መጀመሪያ የደወሉት ወደ ሆስቲንግ ድርጅቱ ነበር፤ እዚያ ግን ሰርቨሩ እንደሚሠራ፣ ፋይሎቹም በቦታቸው እንዳሉ ተነገራቸው። የሥራ ኢሜይላቸውም በዚያው ዶሜይን ላይ ስለነበር አብሮ ተቋርጦ፣ ዋጋ የጠየቁ ደንበኞች መልእክታቸው እየተመለሰባቸው ነበር። በኋላ እንደታወቀው፣ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ዶሜይኑን ያስመዘገበው በራሱ ስምና በግል ኢሜይሉ ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ሥራው እንዲፈጥንለት ብሎ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ሙያውን ቀየረ፤ ያንን ኢሜይል መክፈትም ተወ። የአይካን ደንብ መዝጋቢው ድርጅት ምዝገባው ሊያበቃ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ካበቃም በኋላ በ5 ቀናት ውስጥ ማሳሰቢያ እንዲልክ ያስገድዳል። ማሳሰቢያዎቹ የሚላኩት ግን በመዝገቡ ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው፤ ያንን ኢሜይል ደግሞ የሚከፍት ሰው አልነበረም። አምራቿ ደረሰኞቻቸውን ይዘው ቢያመለክቱም ስማቸው በመዝገቡ ላይ ስለሌለ የሚሰማቸው አላገኙም። የቀድሞው ባለሙያ ተፈልጎ እስኪገኝ ዶሜይኑ ተለቅቆ ሌላ ሰው አስመዝግቦታል። አምራቿና ሠራተኞቻቸው በየማሸጊያ ካርቶኑ ላይ የታተመውን የቀድሞ አድራሻ በተለጣፊ ወረቀት ሲሸፍኑ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጀምበር የሚደርስ አይደለም። የዶት ኮም ምዝገባ ካበቃ በኋላ መዝጋቢው ድርጅት በመደበኛ ዋጋ ማደስ የሚቻልበት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ርዝመቱ ከድርጅት ድርጅት ቢለያይም ከ45 ቀን አይበልጥም። ዶሜይኑ ከተሰረዘ በኋላም ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ማስመለስ የሚቻልበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። ጊዜው ከበቂ በላይ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ወደ አካውንቱ መግባት ለሚችል ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የመዝጋቢውን አካውንት ራስዎ ይክፈቱ። ተመዝጋቢ ሆኖ የሚሰፍረው የድርጅትዎ ወይም የእርስዎ ስም ይሁን። የአካውንቱ ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ የተመሠረተ አይሁን፤ ዶሜይኑ በተቋረጠ ዕለት ኢሜይሉም ስለሚቋረጥ የይለፍ ቃል መቀየሪያ መልእክት የሚደርስበት ቦታ አይኖርም። ራስ ሰር እድሳቱን ያብሩ፤ ሆኖም የተመዘገበው የባንክ ካርድ ጊዜው ካለፈበት እድሳቱ እንደማይፈጸም አይርሱ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንና ዶሜይኑ ያለፈቃድዎ ወደ ሌላ እንዳይዛወር የሚያግደውን የዝውውር መከላከያ ቁልፍ ያብሩ። ባለሙያው መሥራት ካለበት ብዙዎቹ መዝጋቢዎች የተወሰነ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ መጨመር ያስችላሉ፤ የራስዎን የይለፍ ቃል መስጠት አያስፈልግም። ዶሜይኑን በደንበኛው ስም ለማስመዝገብ የሚያንገራግር ባለሙያ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር ሊቀጠር አይገባውም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። አሁን በሌላ ሰው አካውንት ውስጥ ከሆነም ግንኙነታችሁ ሰላማዊ ሳለ የዝውውር ኮዱን ይጠይቁና ወደ ራስዎ አካውንት ያዛውሩት።

«የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ካለኝ ድረ ገጽ አያስፈልገኝም»

ለጀማሪ ንግድ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሊበቃ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ስህተቱ ገጹን የራስ ንብረት አድርጎ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ አንድ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጡ፣ ትእዛዝ የሚቀበሉት በእነዚያ ብቻ የነበሩ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸውን የሚያገኙበት መንገድ አልነበራቸውም። ጉግልም ለአነስተኛ ንግዶች በነጻ ይሰጥ የነበረውን የድረ ገጽ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ዘግቶታል። በራሳቸው ዶሜይን ይጠቀሙ የነበሩት ያንኑ አድራሻ ወደ አዲስ ድረ ገጽ ማዞር ችለዋል፤ ጉግል በሰጣቸው አድራሻ ብቻ ካርድና ማስታወቂያ ያሳተሙት ግን እንደገና ማሳተም ነበረባቸው።

«በጉግል አንደኛ እናደርግዎታለን የሚል ድርጅት አግኝቻለሁ»

ማንም ይህን ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ራሱ ጉግል በይፋ ይናገራል። በገጹ ኮድ ውስጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር መደርደርም ለደረጃ ፋይዳ እንደሌለው ኩባንያው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ዛሬም ግን ለዚህ ገንዘብ የሚያስከፍሉ አሉ።

«ኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገው ክፍያ ለሚቀበሉ ብቻ ነው»

የጉግል ብራውዘር ክሮም ከሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤችቲቲፒኤስ (በጎብኚውና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈውን መረጃ የሚያመሰጥር ግንኙነት) የሌለውን ማንኛውንም ገጽ አስተማማኝ አይደለም እያለ ያሳያል። ለዚህ የሚያስፈልገውን ዲጂታል የምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት በነጻ ስለሚሰጥ በወጪ ማመካኘት አይቻልም።

«ትንሽ ስለሆንኩ ድረ ገጼን ማንም ሰብሮ አይገባበትም»

አብዛኛው ጥቃት ሰው መርጦ የሚፈጽመው አይደለም። ያልታደሰ ፕለጊን (በድረ ገጹ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ፕሮግራም) ያለበትን ድረ ገጽ የሚያስሱ ፕሮግራሞች በአድራሻ ላይ አድራሻ ይሞክራሉ፤ የንግዱን መጠን አያዩም። የተሰበረው ድረ ገጽ ጎብኚዎችን ወደ ማጭበርበሪያ ገጽ ለመምራት ወይም ያልተፈለገ ኢሜይል ለመላክ ያገለግላል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከደንበኛ ነው። «አንዴ ከተሠራ አለቀ» የሚለው አባባል የሚያስከትለው መዘዝ ይህ ነው። ድረ ገጹ የተሠራበት ሶፍትዌር ዎርድፕሬስ ከሆነ እርሱን፣ ገጽታዎቹንና ፕለጊኖቹን በየጊዜው ማዘመን የውሉ አካል ይሁን፤ ማን እንደሚሠራውና በየስንት ጊዜው እንደሆነም በጽሑፍ ይስፈር። የማይጠቀሙበትን ፕለጊን ሥራ እንዲያቆም ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ከሰርቨሩ ላይ ጭራሹን ይሰረዝ።

«ባክአፑን ሆስቲንግ ድርጅቱ ይይዝልኛል»

ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሊይዝ ይችላል፤ ውልዎ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ቢኖርም ዋናው ጥያቄ የት እንደተቀመጠ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የሚገኘው ኦቪኤች የተባለው የሆስቲንግ ድርጅት የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲጋይ፣ ቅጂያቸው በዚያው ሥፍራ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ላይ አጥተዋል። ቅጂው የድረ ገጹን ፋይሎችና ዳታቤዙን (የገጹ ይዘት ተደራጅቶ የተከማቸበትን ቋት) ሁለቱንም የያዘ፣ ከሆስቲንጉ ውጭ የተቀመጠ፣ ባለሙያው ባይኖርም እርስዎ ሊከፍቱት በሚችሉት አካውንት ውስጥ ያለ መሆን አለበት። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም ባለሙያዎ ያንን ቅጂ በሌላ ሰርቨር ላይ ጭኖ ገጹ በትክክል ሲከፈት እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ ዳታቤዙ የጎደለበት ቅጂ ለዓመታት ሲቀመጥ ኖሮ ችግሩ የታወቀው ድረ ገጹ በጠፋ ዕለት የሆነባቸውን ሰዎች አውቃለሁ።