ኦክሲዴቲቭ ስትረስ በልብና በቆዳ ሴሎች ላይ

ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ከኦክስጅን የሚወለዱ ጎጂ ውህዶች የሴሉን የመከላከል አቅም ሲያሸንፉ ነው። ስያሜውን በ1985 ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ባዮኬሚስት ሄልሙት ዚስ ነው። ውህዶቹ ራሳቸው እንግዳ አይደሉም። ሴል ኃይል ባመነጨ ቁጥር ይፈጠራሉ፤ በትንሽ መጠን ሲሆኑ እንዲያውም ሴሉ ለመልእክት ይገለገልባቸዋል።

የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ሲተላለፉ ጥቂቶቹ ያመልጡና ኦክስጅን ላይ ያርፋሉ፤ ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል። ባዮኬሚስቶቹ ማኮርድና ፍሪዶቪች በ1969 ይፋ ያደረጉት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይህን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይቀይረዋል፤ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ደግሞ ውሃ ያደርጉታል። ፐርኦክሳይዱ ሳይወገድ ያልታሰረ ብረት ካገኘ ግን ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ከሁሉ የከፋ ውህድ ይወለዳል። ይህን የሚያስወግድ ኢንዛይም የለም። በተፈጠረበት ቦታ ያገኘውን ስብ፣ ፕሮቲን ወይም ዲኤንኤ ይመታል። የሴል ሽፋን ላይ ካረፈ አንዱ የተጎዳ ስብ ሌላውን እየጎዳ ይቀጥላል፤ ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው በዋናነት ቫይታሚን ኢ ነው።

ኬሚስትሪው በልብም በቆዳም አንድ ነው፤ የሚለያየው ሴሉ ከተጎዳ በኋላ የሚሆነው ነው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ስለሚመታ የጡንቻ ሴሉ ሲሶ ያህሉ ሚቶኮንድሪያ ነው፤ የካታሌዝ ክምችቱ ግን ከጉበት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። በአዋቂ ሰው ልብ ውስጥ በዓመት የሚተካው የጡንቻ ሴል 1 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። የሞተው ቦታ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ አይኮማተርም።

ይህ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በሃርት አታክ ጊዜ ነው። ልብን የሚቀልበው የደም ቧንቧ ሲዘጋ ሴሉ ውስጥ ሰክሲኔት የተባለ ንጥረ ነገር ይከማቻል። ቧንቧው ተከፍቶ ኦክስጅን ሲመለስ ሰክሲኔቱ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል፤ ኤሌክትሮኖች ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሱፐርኦክሳይድ ይጎርፋል። በዚያው ጊዜ ካልሲየም ሴሉን ያጥለቀልቀዋል። ደም በተቋረጠበት ሰዓት አሲዱ ዘግቶት የቆየው የሚቶኮንድሪያ ቀዳዳ አሲዱ ሲታጠብ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የሴሉን ነዳጅ፣ ኤቲፒን፣ ማምረት ይቆማል፤ ሴሉ ይሞታል። ይህ ሲባል ግን ቧንቧውን መክፈት ይዘግይ ማለት አይደለም፤ ካልተከፈተ የሚሞተው ጡንቻ ይበልጣል።

ለጡት ካንሰርና ለሊምፎማ የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲንም ኤሌክትሮን እየተቀበለ ለኦክስጅን ያቀብላል፤ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ካለው ካርዲዮሊፒን ከተባለ ስብ ጋርም ይጣበቃል። ጉዳቱ ይደመራል። አጠቃላይ መጠኑ በአንድ ስኩዌር ሜትር የሰውነት ገጽ ከ550 ሚሊግራም ካለፈ ልብ የመድከም አደጋው በጣም ይንራል፤ ብዙ ሐኪሞች ከዚያ በፊት ያቆማሉ። ስለዚህ ታካሚው ከዓመታት በፊት በሌላ ሆስፒታል የወሰደው መጠን መመዝገብ አለበት።

የቆዳ የላይኛው ሽፋን በአንድ ወር ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይታደሳል። እዚህ የሞተ ሴል ብዙም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ተጎድቶ የተረፈው ነው። ከፀሐይ የሚመጣው ዩቪቢ ጨረር (280–315 ናኖሜትር) በአብዛኛው ላይኛው ሽፋን ላይ ቀርቶ ዲኤንኤን በቀጥታ ይመታል። ዩቪኤ (315–400) ግን ወደ ታችኛው የቆዳ ሽፋን፣ ወደ ደርሚስ፣ ይዘልቃል፤ ጉዳቱን የሚያደርሰውም በዋናነት በኦክስጅን ውህዶች በኩል ነው። ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱ የሆነው ጉዋኒን ወደ 8-ኦክሶጉዋኒን ሲቀየር ከትክክለኛ ጥንዱ ከሳይቶሲን ይልቅ ከአዴኒን ጋር ሊጣመር ይችላል፤ ካልታረመ ሚውቴሽን ሆኖ ይቀራል። ፋይብሮብላስት የተባሉት የደርሚስ ሴሎች ደግሞ ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ቆዳን አጠንክሮ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ኮላጅን፣ ይቆራረጣል፤ አዲሱም በወጉ አይሠራም። የቆዳ ኮላጅን እስኪታደስ ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅ መጨማደዱ በቀላሉ አይመለስም።

ተራ የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ቢያስቀርም አብዛኛውን ዩቪኤ ያሳልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚያድግ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ቀዘቀዘ ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ይከላከላል፤ ማድያትን ግን አያስቀርም። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ይህ ጋሻ ስለሌላቸው የቆዳ ካንሰር ቀድሞ ያገኛቸዋል።

እንግዲህ አንቲኦክሲዳንት (እነዚህን ጎጂ ውህዶች የሚያከሽፍ) ክኒን መዋጥ ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ ተፈትኖ ወድቋል። በ2000 ውጤቱ የወጣው ሆፕ የተባለው ጥናት ከ9,000 በላይ ሰዎች ላይ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ በየቀኑ ሞክሮ ለልብ ጥቅም አላገኘም። በ1994 ይፋ በሆነው የፊንላንድ ጥናት ደግሞ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ ጨመረ። አንዱ አሳማኝ ምክንያት ክኒኑ የሱፐርኦክሳይዱ ጎርፍ በሚነሳባት ደቂቃ ሚቶኮንድሪያው ውስጥ በበቂ መጠን አለመገኘቱ ነው።

ቆዳ ላይ ግን መድኃኒቱን በቀጥታ ቦታው ላይ ማኖር ይቻላል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የሚመዘነው በስኩዌር ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግማሹን እንኳ ስለማይቀባ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ጥበቃ አያገኝም። ደጅ ሲዋል በየሁለት ሰዓቱ፣ ላብ ካጠበው ደግሞ ወዲያው ይደገማል። የቫይታሚን ሲ ሴረም ከ10 እስከ 20 በመቶ አስኮርቢክ አሲድ ኖሮት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.5 በታች ካልሆነ ወደ ቆዳ በደንብ አይገባም። ብርሃንና አየር ስለሚያበላሹት በጠቆረ ጠርሙስ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ከዞረ ቫይታሚኑ ራሱ ኦክሲዳይዝ ስለሆነ ይጣላል።