«እኔ» የሚለው ፊደል በመስቀል ሲጻፍ

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ862 የሞራቪያው (በዛሬዎቹ ቼክና ስሎቫኪያ አካባቢ የነበረች የስላቮች አገር) መስፍን ራስቲስላቭ በገዛ ቋንቋቸው የሚያስተምራቸው መምህር እንዲላክላቸው የቁስጥንጥንያውን ንጉሥ ሚካኤል ሦስተኛን ለመነ። ንጉሡ የመረጠው የተሰሎንቄውን ቆስጠንጢኖስን ሲሆን፣ ከታላቅ ወንድሙ ከመቶድዮስ ጋር የስላቭን ቋንቋ ያውቅ ነበር። ገድሉ እንደሚተርከው ቆስጠንጢኖስ ደክሞትና ታሞ ሳለ በደስታ እንደሚሄድ ተናገረ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ፊደል እንዳለው ጠየቀ። እንደሌለው ሲሰማ፣ ይህማ በውኃ ላይ መጻፍ ነው አለ። ከዚያም ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ጸሎት ገባ፤ ፊደሉንም ካገኘ በኋላ አስቀድሞ የጻፈው «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» የሚለውን ወንጌል ነው።

ይህ ፊደል ግላጎሊቲክ ይባላል። የመጀመሪያው ሆሄ «አዝ» ሲሆን በጥንቱ የስላቭ ቋንቋ ትርጉሙ «እኔ» ነው። ቅርጹ ደግሞ መስቀል ነው፤ ከአግዳሚው ጫፍና ጫፍ ሁለት አጫጭር ጭረቶች ወደ ታች ወርደውበታል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ፊደል መቁጠር የሚጀምር ሕፃን «እኔ» ብሎ ሲጽፍ እጁ መስቀል ይሥላል ማለት ነው። ሐዋርያው «ከክርስቶስ ጋር ተሰቅዬአለሁ» ያለውን (ገላ. 2፥20) ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላውቅም።

የግሪክ ፊደል «ሽ» የሚል ድምፅ ስለሌለው ቆስጠንጢኖስ ይህን ሆሄ ከዕብራይስጥ እንደወሰደ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። የእኛም አባቶች በግእዝ ያላገኙትን ይህንኑ ድምፅ ለመጻፍ በ«ሰ» ራስ ላይ ጭረት አኑረው «ሸ»ን አውጥተዋል። ፊደል ለአንደበት ይታዘዛል እንጂ አንደበት ለፊደል አይታዘዝም።

እግዚአብሔር በስላቭ ቋንቋ መመስገኑን ያልወደዱ ነበሩ። በ867 በቬኒስ፣ ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ ካጻፈባቸው ከዕብራይስጥ፣ ከግሪክና ከላቲን በቀር እግዚአብሔር በሌላ ቋንቋ ሊመሰገን አይገባውም የሚሉ ካህናት ቆስጠንጢኖስን ተከራከሩት። እርሱም የእግዚአብሔር ዝናብ በሁሉ ላይ እኩል አይዘንብምን ሲል መለሰ፤ በማኅበር እልፍ ቃላት በልሳን ከመናገር ይልቅ አምስት ቃላት በአእምሮ መናገር እንደሚሻል ጳውሎስ የጻፈውንም (1ቆሮ. 14፥19) ጠቀሰላቸው። በሮም ፓፓው ሐድርያኖስ ሁለተኛ የስላቭ መጻሕፍቱን ባረከ። ቆስጠንጢኖስም በዚያው መንኩሶ ቄርሎስ ተባለ (ከእስክንድርያው ሊቅ ከቅዱስ ቄርሎስ ጋር እንዳናምታታው)፤ በ869 በ42 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ ሩሲያውያን፣ ዩክሬናውያንና ቡልጋሪያውያን የሚጽፉበት ፊደል በስሙ ሲሪሊክ ይባላል፤ ብዙ ሰውም እርሱ የሠራው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መቶድዮስ በ885 ሲያርፍ ደቀ መዛሙርቱ ከሞራቪያ ተባረሩ፤ ከእነርሱም በባርነት የተሸጡ ነበሩ። የቀሩትን የቡልጋሪያው ንጉሥ ቦሪስ ተቀበላቸው። በዚያም፣ በፕሬስላቭ ከተማ እንደሆነ ይታመናል፣ ሕዝቡ ከለመደው ከግሪክ ፊደል ተነሥተው፣ ለጎደሉት ድምፆች እንደ «ሽ» ያሉትን ከግላጎሊቲክ ጨምረው፣ አዲስ ፊደል ተዘጋጀ። በጸሎት የተገኘው የመምህሩ ፊደል ቀስ በቀስ ስፍራውን ለቀቀ፤ ወንጌሉ ግን ቀጠለ።

«እርሱ ሊልቅ እኔ ግን ላንስ ያስፈልጋል» (ዮሐ. 3፥30) የሚለውን ቃል ስናነብ ይህን እናስብ። ስማችን በጉባኤው ፖስተር ላይ በትንሹ ተጻፈ ብለን የምናኮርፍ አገልጋዮች ጥቂት አይደለንም፤ እኔንም ጨምሮ። በስሙ የሚጠራውን ፊደል ግን ቄርሎስ ራሱ አንዲት ገጽ እንኳ አላነበበም።

ከተባረሩት አንዱ ቀሌምንጦስ በኦህሪድ (በዛሬዋ ሰሜን መቄዶንያ ያለች ከተማ) አካባቢ 3,500 ደቀ መዛሙርት እንዳስተማረ ገድሉ ይናገራል። ጳጳስ የሚሆነው ይህ ሰው ሕፃናቱን ራሱ ያስተምር ነበር፤ ለአንዱ የሆሄውን ቅርጽ እያሳየ፣ ለሌላው የተጻፈውን እየተረጎመ፣ የሌላውንም እጅ ለጽሕፈት እያለማመደ።