ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ደጋው ገበሬ በስህተት የሚባለው

«ቀይ ቀበሮ በግ ፈጅ ነው።» ስሙ ነው ያስጠላው። በየቆላው በየደጋው በግ የሚነጥቀውንም ቀበሮ እንላለን፤ ቀይ ቀበሮ ግን ሌላ ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። አልፎ አልፎ ግልገል አይነካም አልልም፤ ኑሮው ግን በዚያ አይደለም።

«የሚጨርሰው አዳኝ ነው።» ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም በኢትዮጵያ። ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ ነው። እዚያ በዌብ ሸለቆ በ1996 ዓ.ም. የገባ የውሻ እብደት ከሸለቆው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጀ። በሽታውን ያመጣው የእረኛው ውሻ ነው። ስለዚህ ውሻ ማስከተብ ለቀበሮው ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ያው ውሻ ላሙንም ልጁንም ይነክሳል።

«ገበሬ ካለ ሣርም አውሬም አይተርፍም።» ይህን የሚል ሰው በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ ሣር ምድር አላየም። መሬቱን መጀመሪያ የያዙት የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ጓሳውን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሣሩ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳም ነው። ማንም ለቀበሮ ብሎ አልዘጋውም! ሣሩ ስለሚያስፈልግ ነው የተዘጋው፣ በሣሩ ውስጥ አይጡ ተራባ፣ አይጡን ተከትሎ ቀይ ቀበሮው ኖረ። ሥርዓቱን ያናጋው ረሃብ ወይም ስግብግብነት ሳይሆን የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ሲሆን የአቅኚዎቹ ሥልጣን ቀረ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣውን አልክድም፤ ጓሳን ግን ባለቤት አሳጣው። ኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ መልሶ ያዘው።

«ቱሪስት ከመጣ ሁሉም ይጠቀማል።» ዋልያ በሚጠበቅበት በስሜን ተራሮች ፓርክ በቅሎ ያለው ያከራያል፣ አስጎብኚው፣ እንግዳውን የሚያጅበው ስካውትና ወጥ ቤቱ ይከፈላቸዋል። ገብሱን ጭላዳ የሚበላበት ግን ቀኑን ሙሉ ማሳው ዳር ወንጭፍ ይዞ ይውላል እንጂ ከመግቢያው ክፍያ እጁ የሚገባ የለም። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ለፓርኩ ሲባል ወደ ደባርቅ ተነሡ፤ በዓመቱ ስሜን ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ወጣ። የዋልያውን ሒሳብ ማን እንደከፈለ ለማወቅ ደባርቅ ወርዶ እነሱን መጠየቅ ይበቃል።